ከጥምቀት እስከ ፋሲካ «ጨጓራ ነው» ስንል

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ ሰፊ ነኝ፣ ጋዜጣችሁን የማነበው ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እስኪመጣ ነው። ያለፈው ሳምንት የጤና ገጻችሁ ላይ ሆድ ሲረበሽና ምግብ ሲዘጋ ምን እናድርግ የሚለውን ጽሑፍ አየሁና ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አነበብኩት። በርበሬ ተዉ፣ ቃሪያ ተዉ፣ ቡና በባዶ ሆድ አትጠጡ፣ አትጨነቁ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ውሰዱ፣ ካልተሻላችሁ ሐኪም አማክሩ ይላል፣ አለቀ። ውሸት ነው አልልም። ግን እኛ ቤት ይሄንኑ ሁሉ አርገን እናታችን ልታመልጠን ነበር፣ ስለዚ የሆነውን እንዳለ ልጻፍላችሁ፣ ከወደዳችሁት አውጡት፣ ካልሆነም ያንን ገጽ የሚያዘጋጀው ሰው ያንብብልኝ።

እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ምግብ የዘጋት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። እንጀራውን ትቆርሳለች፣ ትጠቀልላለች፣ አፏ ጋ ታደርሰውና መልሳ ትሪው ላይ ታስቀምጠዋለች፣ «ጠገብኩ» ትላለች። ምን በልታ! ሁለት ጉርሻ። ሆዴን ይነፋኛል፣ ያገሳኛል፣ አፌን ይመረኛል፣ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል፣ እንዲህ ነው የምትለው። ያምሻል ወይ ስንላት የለም ትላለች፣ ምንም አያመኝም፣ ምግብ ብቻ ነው ያስጠላኝ። እኛም ካላመማትማ ብለን ተኛን።

ሰፈሩ በሙሉ «ጨጓራ ነው» አለ። እኛ አገር መቼስ ሁሉም ነገር ጨጓራ ነው፣ ቃሩም ጨጓራ፣ የሐሞት ጠጠሩም ጨጓራ፣ ጉበቱም ጨጓራ፣ ንዴቱም ጨጓራ። አንዷ ተልባ በጥብጣ አመጣች፣ አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር አለች፣ እትዬ ከጎናችን ያሉት ደግሞ ዓይን ነው ጸበል ውሰጂያት አሉኝና ወሰድኳት፣ በዚህ አልስቅም፣ ከጸበሉ ስትመለስ ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር። ተልባውም ቢሆን ለጊዜው ያለሰልሳል። ችግሩ እያንዳንዱ ነገር ሁለት ሦስት ቀን ደህና ያደርጋትና ሳምንት ያዘናጋናል።

ከዛ ክሊኒክ። ስሙን ምን ያደርግላችኋል። ጣቷን ወጉና የደም ጠብታ ትንሽዬ ፕላስቲክ ላይ አድርገው ሁለት መስመር ወጣ፣ «ባክቴሪያው አለባት» ተባለ፣ ኤች ፓይሎሪ የሚሉት የጨጓራ ባክቴሪያ ማለት ነው። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለ14 ቀን ጻፉላት። ዋጠች፣ አንድም ቀን አላዛነፈችም፣ ግን መድኃኒቱ ራሱ አፏን ብረት ብረት አለው፣ «ሳንቲም ስልስ የዋልኩ ነው የሚመስለኝ» ትለኝ ነበር፣ የባሰውኑ ምግብ አጠገቧ እንዳይደርስ ሆነ። ሲያልቅ ለውጥ የለም፣ ከወር በኋላ ሌላ ክሊኒክ ሄድን፣ እዛም ጣቷን ወጉ፣ እዛም ሁለት መስመር፣ «አልለቀቃትም» አሉንና ያንኑ 14 ቀን ድጋሚ።

በኋላ ያገኘናት ዶክተር ስትነግረኝ ነው ራሴን የያዝኩት። የጣት ደም ምርመራው የሚያየው ባክቴሪያውን አይደለም አለችኝ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያመረተውን ነገር ነው፣ እሱ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ብዙ ወር፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚ ታክሞ ያለፈን ሰው በዚሁ ምርመራ «አልለቀቀህም» ማለት ዘበኛው በር ላይ ስላለ ሌባው ቤት ውስጥ ነው እንደማለት ነው። ለቋል ወይ የሚለውን በትክክል የሚያሳየው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው፣ እሱም አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ ደግሞ 2 ሳምንት ተጠብቆ፣ አለዚያ ውጤቱ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል። ይቺን አንድ ነገር ገጻችሁ ላይ ብትጽፏት ስንት ሰው ሁለት ሦስት ዙር አንቲባዮቲክ ከመዋጥ ይድን ነበር።

እኔም አላረፍኩም። አንድ ፋርማሲ ሄጄ እናቴን ምግብ ዘጋት ስል «ለምግብ ፍላጎት» ብለው ሽሮፕ ሰጡኝ፣ ልጆች እንዲወፍሩ ሰው የሚገዛው ሳይፕሮሄፕታዲን የሚባለውን። ለካ ዋናው ሥራው የአለርጂ መድኃኒት ነው፣ ያስተኛል። እማዬ ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ላይ ሆነች፣ የምትበላውን ሁለት ጉርሻም ተኝታበት አለፈ፣ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ግድግዳ ይዛ። ወረወርኩት። እዛው ያለችው ልጅ ዴክሳሜታዞን የሚባለውን ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒትም «ቶሎ ይሞላታል» ብላ ልትጨምርልኝ ነበር፣ ገንዘብ ስላነሰኝ ነው የቀረው እንጂ አዋቂ ሆኜ አይደለም። ያን ጊዜ ሆዷ ውስጥ በነበረው ላይ እሱ ቢጨመርበት ምን ይሆን እንደነበር ዶክተሯ ስትነግረኝ ላብ አጠመቀኝ።

እዚህ ጋ ስለራሴ አንድ የሚያሳፍረኝን ልናገር። እኔ ሥራዬ ሰው መለካት ነው፣ ሴት ከበር ስትገባ ወገቧን በዓይኔ እገምታለሁ። የእማዬን ቀሚስ የካቲት ላይ በሁለት ጎን አጠበብኩላት፣ «ሰፋብኝ» ስላለችኝ። መጋቢት ላይ እንደገና አጠበብኩት። መርፌዬን ሰክቼ፣ ክር ቆርጬ፣ በተኩስ አሳምሬ ሰጠኋት። መቀነቷም ድሮ ሁለት ዙር የነበረው ሦስት ዙር ሆኖ ጫፉ ገና ተርፎ ይንጠለጠላል። ሁለት ጊዜ የእናቴን ቀሚስ አጥብቤ እናቴ እየከሳች ነው ብዬ አላሰብኩም፣ ጾም ነው ብዬ ነው።

ጾሙም የራሱ ጣጣ ነበረው። ሁዳዴ ሲገባ የነፍስ አባቷ ቤት ድረስ መጥተው አይተዋት «አንቺ ሕመምተኛ ነሽ፣ ፈትቼሻለሁ፣ ብዪ» አሏት። እሺ አባቴ አለችና መስቀል ተሳልማ ሸኘቻቸው፣ በነጋታው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመች። ምን ታረጋታለህ፣ 55 ቀን ሙሉ። ኦሜፕራዞሉን ማታ ልተኛ ስትል ነበር የምትውጠው፣ እሱ ደግሞ ሥራውን በደንብ የሚሠራው ከምግብ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲወሰድ ነው። ለጾመኛ ከመግደፊያዋ በፊት ማለት ነው። ይሄን ማንም አልነገረንም፣ ወረቀቱ ላይ «በቀን 1» ብቻ ነው የሚለው።

ፋሲካ ዕለት ነው ሁሉም የተገለጠው። ዶሮውን ራሷ ናት የበለተችው፣ አሥራ ሁለት ብልት አንድ ሳታጎድል፣ በሎሚ አጥባ፣ ሽንኩርቱን ከእኔ ጋ አቁላልታ። ሌሊት ቤተክርስቲያን ቆይተን መጣን፣ ትሪው ቀረበ፣ ለሷ ፈረሰኛውን ከነእንቁላሉ አወጣሁላት፣ እሷ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ «ልጄ ይሄን ነገር ከፊቴ አንሺልኝ» አለችኝ። ሰው 55 ቀን ጾሞ የፋሲካ ዶሮ ሽታ ካስጠላው ነገሩ ከጾም አይደለም። ወንድሜ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። በዛች ሰዓት ነው የፈራሁት።

ማክሰኞ ትልቅ ሆስፒታል ወሰድናት፣ ሰልፉን ተዉት። ልጅ የምትመስል ዶክተር ናት ያየቻት። ወገቧን አላየችም፣ ሆዷን ነካካች፣ የዓይኗን ቆብ ገለጥ አርጋ አየች፣ «እማማ ደምዎት አንሷል» አለቻት። ከዛ «የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያሳዩኝ» አለች። እኔ በፌስታል ይዤ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት፣ የግፊቷ አምሎዲፒን፣ ቤቢ አስፕሪን ከድሮ ጀምሮ ለልብ ብለው የሰጧት፣ ሁለት ኦሜፕራዞል፣ የቫይታሚን ሽሮፕ።

«ሌላስ?»

«ይሄው ነው» አልኩ።

«ለጉልበት፣ ለወገብ፣ ለራስ ምታት የሚወስዱትስ እማማ?»

እማዬ ዝም አለች። ከዛ የመቀነቷን ጫፍ ፈታች፣ የሙዳየ ምጽዋት ሳንቲሟን የምትቋጥርበትን፣ ከሳንቲሙ ጋ የተጣጠፈ የኪኒን ስትሪፕ አወጣች። ዳይክሎፌናክ። ከአሥሩ ሦስት ቀርቷል። «እሱማ መድኃኒት አይደለም ልጄ፣ ማስታገሻ ነው» አለቻት።

ከጥቅምት ብርድ ጀምሮ ለጉልበቷ በቀን ሁለት ስትውጥ ነበር፣ ጾሙን ሁሉ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ሰፈር ካለ ፋርማሲ ያለ ምንም ወረቀት በስትሪፕ እየገዛች፣ ሲያልቅባት ደግሞ ለቅሶ ቤት የምትገናኛቸው ሴቶች ይሰጧታል። ማንም ሐኪም ጠይቋት አያውቅም፣ እሷም አልደበቀችም፣ ያልተጠየቀችውን አልተናገረችም እንጂ። ዶክተሯ ቀጥላ «ሰገራዎት ጥቁር ሆኖ ያውቃል?» ስትላት እማዬ እኔን አየች፣ አፍራ፣ «እንደ ሬንጅ ነው፣ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፣ ተልባው መስሎኝ» አለች። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

የደሟ መጠን (ሄሞግሎቢን የሚሉት) ሲለካ 8 ነጥብ ምናምን ሆነ፣ ለሴት ቢያንስ 12 መሆን ነበረበት። አስተኟት። በማግስቱ ኢንዶስኮፒ ታየች፣ ማታውን ምግብ ሳትቀምስ አድራ፣ ሰው እንደሚያወራው አያስፈራም፣ ጉሮሮዋን የሚያደነዝዝ ነገር ረጩላትና ቀጭኑን ቱቦ ዋጠች፣ አሥር ደቂቃም አልፈጀ። ጨጓራዋ ውስጥ ሁለት ቁስል፣ አንዱ ደም ያዘለ። ለካንሰርም እንዳይሆን ናሙና ወስደው ነበር፣ እግዜር ይመስገን ነጻ ሆነ፣ ግን ያቺን ውጤት የጠበቅንበትን ሳምንት ጠላቴም አይየው።

ዶክተሯ ስታስረዳኝ እኔ በራሴ ቋንቋ ነው የገባኝ። ጨጓራ ውስጡ ገበር አለው። አሲዱ ሥጋ የሚያሟሟ ነገር ነው፣ ጨጓራን ራሱን የማይበላው በዛ ገበር ምክንያት ነው። ዳይክሎፌናክም፣ አይቡፕሮፌንም፣ ኢንዶሜታሲንም ሕመሙን የሚያስታግሱት ሰውነት ውስጥ አንድን ነገር በመዝጋት ነው፣ ያ ነገር ግን ገበሩንም የሚያድሰው እሱ ራሱ ነው። ስለዚ ጉልበቷ ሲታገስ ገበሩ እየሳሳ ነበር፣ ቤቢ አስፕሪኑም በዛው መንገድ ነው የሚሠራው፣ ደሙንም ያቀጥናል፣ ሁለቱ ሲገናኙ የመድማት ነገር በጣም ይከፋል፣ በዛ ላይ ዕድሜ። ከምግብ ጋ ብትወስደውስ ስላት ማቃጠሉን ይቀንሰው ይሆናል እንጂ አያድንም አለችኝ፣ ጉዳቱ ኪኒኑ ሆድ ውስጥ ስላረፈ ብቻ ሳይሆን በደምም ስለሚመጣ ነው። «በመርፌ ብወጋ ጨጓራዬን አይነካም» የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እኔም እል ነበር። ይነካል።

እና ለምን አላመማትም? ይሄ ነው እስከዛሬ የሚገርመኝ። ማስታገሻው የቁስሉን ሕመምም ያስታግሰዋል፣ ትልልቅ ሰዎች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁስል ያለ ሕመም ነው የሚመጣው። ምግብ መዝጋቱ፣ ድካሙ፣ ቀሚሷ መስፋቱ፣ እሱ ነበር ምልክቱ። እኛ ሕመም ስንጠብቅ።

ስለ በርበሬው ግን አንድ ነገር ልበል፣ ጽሑፋችሁ ጥፋቱን ሁሉ ድልህ ላይ ስለከመረው። በርበሬ ቃር ያለበትን ሰው ያቃጥላል፣ የሚያቃጥልህን ተው፣ ቁስል ግን በርበሬ አያወጣም፣ ብዙውን ጊዜ የሚያወጡት ያ ባክቴሪያና እነዚህ ማስታገሻዎች ናቸው። ድሮ ሐኪሙም ቁስል ከጭንቀትና ከሚያቃጥል ምግብ ነው ብሎ ያምን ነበር፣ አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ባክቴሪያ ነው ሲሉ የሚሰማቸው አጡ፣ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ራሱ ጠጣው፣ በቀናት ውስጥ አስመለሰው፣ በኢንዶስኮፒ ሲታይም ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። በ2005 ኖቤል ወሰዱ። እኔ ደግሞ እናቴን ሦስት ወር አልጫ ሳበላት ማስታገሻው መቀነቷ ላይ ነበር።

ቤት ከገባን በኋላ ዳይክሎፌናኩ ቆመ፣ ኦሜፕራዞሉ ለ8 ሳምንት ከምግብ በፊት ሆነ፣ አስፕሪኑን እነሱ ናቸው የወሰኑት እኛ አልነካንም፣ እባካችሁ አንባቢዎች ይሄን አንብባችሁ የልብ አስፕሪን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ደም የሚተካ የብረት ኪኒንም ተሰጣት፣ እሱም ሰገራ ያጠቁራልና እንዳትደነግጡ፣ ግን እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ከሆነ ሌላ ነው።

ምግቡን በተመለከተ ከሁሉ የከበደን የራሳችን ፍቅር ነው። ዘመድ ይመጣል፣ «በሞቴ» ይላል፣ «እኔ ልሙት ይቺን ብቻ» ይላል፣ ጉርሻው የጡጫ ያክላል፣ እማዬ ይሉኝታ ይዟት ትቀበልና ሄደው ሳይጨርሱ ታስመልሳለች። በኋላ እኔ በር ላይ ቆሜ «በሞቴ የሚል አይገባም» ማለት ጀመርኩ፣ ተቀየሙኝ፣ ይቀየሙ። ትሪ ማቅረብ ተውን፣ በትልቅ ትሪ ፊት ምግብ የዘጋው ሰው ገና ሳይጀምር ይደክመዋል። በቡና ሲኒ ነው የጀመርነው፣ የአጃ አጥሚት በሲኒ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግማሽ ሙዝ፣ ከዛ ቀጠን ያለ የገብስ ሾርባ፣ ከዛ ቂንጬ፣ ድንች አልጫ በለጋ እንጀራ፣ እንቁላል። በቀን አምስት ስድስቴ። ሽታው ካስጠላት ቀዝቀዝ አርገን፣ ሽንኩርት የሚቁላላው ውጪ ከሰል ላይ። ወተት ያበርዳል ይባላል፣ ያበርዳል ለጥቂት ደቂቃ፣ ከዛ አሲዱን መልሶ ይቀሰቅሰዋል፣ ስለዚ እንደ ምግብ ትንሽ ትንሽ ሰጠናት እንጂ እንደ መድኃኒት አይደለም። በልታ ወዲያው አትተኛም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት «ጨው አነሰው» አለችኝ። አለቀስኩ፣ ጨው አነሰው ብላ ስትቆጣኝ እንዴት እንደናፈቀኝ።

ደግሞ ምግብ የዘጋው ሁሉ የማስታገሻ ቁስል አለበት እያልኩ አይደለም፣ ያው ሌላ «ጨጓራ ነው» መሆኑ ነው። እዛው ሆስፒታል ተኝተን ስንት አየን፣ አጠገባችን ያለው ልጅ ምግብ ሽታ አስጠልቶት ዓይኑ ቢጫ ሽንቱ የሻይ ቀለም ሆኖ የመጣ ጉበት ነበር፣ ማዶ ያሉት ሰውዬ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳልና የሌሊት ላብ ከምግብ መዝጋት ጋ፣ ቲቢ፣ አንዷ ሙሽራ ደግሞ ለጨጓራ ስትታከም ከርማ ልጅ ይዛ ነበር ኧረ እልል። ባሏን ቀብራ ምግብ የዘጋትም ነበረች፣ እሷን ያከማት የአእምሮ ሐኪም ነው። የስኳር ታማሚ ሜትፎርሚን ሲጀምር ሆዱ ሊረበሽ፣ ምግብም ሊዘጋው ይችላል። ለአንድ ሁለት ቀን ሆድ ተረብሾ ምግብ ቢዘጋማ ያልፋል፣ ፈሳሽ እየጠጡ ነው፣ ተቅማጥ ካለ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ። ካላለፈ ግን፣ ሰው ከከሳ፣ ሲውጥ ከያዘው፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ካስመለሰው፣ ሰገራው ከጠቆረ፣ ደም ካነሰው፣ ዕድሜው ወደ 60 ሆኖ ከዚህ በፊት ያልነበረበት ከጀመረው፣ ተልባ የሚበጠበጥበት ሰዓት አይደለም።

አዘጋጆች፣ ልመናዬ ትንሽ ናት። እማዬ አሁን ትበላለች፣ ሰኔ ላይ የተደረገው የሰገራ ምርመራም ባክቴሪያ የለም ብሏል፣ የካቲትና መጋቢት ያጠበብኩትንም ቀሚስ ፈትቼዋለሁ፣ ስሰፋ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ መተው ልማዴ ነው። ጉልበቷ ግን ያው ነው። ፓራሲታሞል ታዞላታል፣ እሱ ገበሩን አይነካም ከልኩ ካላለፉት፣ ማታ ማታ በሞቀ ፎጣ እይዝላታለሁ፣ ጠዋት ግቢውን ትዞራለች፣ ሆኖም ደረጃ ስትወጣ «ያቺ ኪኒኔ» ማለቷ አልቀረም፣ ባለፈው እሁድ ዕድር ድንኳን ውስጥ አንዷ ሴትዮ በእጇ ልታሲዛት ስትል ደርሼ ነው የተቀበልኳት። እና በሚቀጥለው የጤና ገጻችሁ ስለ ጨጓራ ተዉና ስለ ጉልበት ጻፉልን፣ ትልልቅ እናቶች ሆዳቸውን ሳይጎዱ ጉልበታቸውን ምን እንደሚያደርጉት፣ ፊደሉንም አተለቅ አርጉት፣ እማዬ መነጽሯን ሰብራለች።

ልብስ ሰፊዋ፣ ከሽሮ ሜዳ